ሲፓፕ በደብረ ማርቆስ፦ መሣሪያው መልካም ነው፣ የሚያስቸግረው ማስኩ ነው

ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ እነሆ ስምንት ወር ሙሉ፣ በየሌሊቱ ፊቴ ላይ ማስክ አስሬ፣ በቱቦ በኩል የሚገፋ አየር እየተቀበልሁ እተኛለሁ። መሣሪያው ሲፓፕ ይባላል፤ በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ለሚቸገሩ ሰዎች በሐኪም የሚታዘዝ ነው። ስለ እርሱ ለመጻፍ የተነሣሁት እዚሁ ደብረ ማርቆስ እንደ እኔ ታዝዞላቸው፣ ብዙ ገንዘብ አውጥተው ገዝተው፣ ወር ሳይሞላ ሣጥኑ ውስጥ መልሰው የከተቱት ሁለት ሰዎች ስላጋጠሙኝ ነው። ሁለቱም «ማሽኑ አልተስማማኝም» አሉኝ። አንድ በአንድ ስንነጋገር ግን ያልተስማማቸው ማሽኑ ሳይሆን ማስኩ መሆኑን ተረዳሁ፤ እኔም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልተወው የነበረው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ማንኮራፋቴ የቆየ ነው፤ በቤታችን ማንም እንደ በሽታ ቆጥሮት አያውቅም። ያስደነገጠን ማንኮራፋቱ ሳይሆን በመካከል የሚመጣው ዝምታ ነበር። ባለቤቴ ትንፋሼ ቀጥ ሲል እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ ትቆጥር ጀመር፤ አንዳንድ ጊዜ ሠላሳ ከደረሰች በኋላ እንደ ታነቀ ሰው አጓርቼ እነቃለሁ፣ ወዲያው መልሼ እተኛለሁ፣ ጠዋት ግን ምንም አላስታውስም። እናቴ «ዱካክ እየተጫነው ነው» ብላ ጸበል አመጣችልኝ። ጸበሉን በእምነት ተቀበልሁ፣ ዛሬም እቀበላለሁ፤ ሆኖም የቀኑ እንቅልፍ እየባሰብኝ ሄደ። የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። አንድ ቀን ፈተና እየተቆጣጠርሁ መስኮቱ ላይ እንደ ተደገፍሁ ዐይኔን ስገልጥ፣ ተማሪዎቹ ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ደርድረው፣ እኔን ላለመቀስቀስ በዝግታ ወጥተው ነበር። ለሕክምና አዲስ አበባ ለመሄድ የቆረጥሁት ያን ዕለት ነው።

ሐኪሙ አስቀድሞ አንገቴን በሜትር ለካ። የወንድ አንገት ከ43 ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ለዚህ ችግር የመጋለጡ ዕድል ከፍ እንደሚል ነገረኝና፣ ለአንድ ሌሊት ይዤው የማድር መለኪያ ሰጠኝ፤ ከአፍንጫ ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ፣ ደረት ላይ የሚታሰር ቀበቶና ጣት ላይ የሚቆነጥጥ የኦክስጅን መለኪያ ያለው ነው። እኅቴ ቤት አድርጌው አደርሁ። ውጤቱ በሰዓት 38 ሆነ። ይህ ቁጥር ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ያህል የተቋረጠባቸውን ወይም በእጅጉ የቀነሰባቸውን ጊዜያት የሚቆጥር ሲሆን፣ ከ5 በታች ጤናማ፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ደግሞ ከባድ ይባላል። ዱካክ ያልነው ነገር፣ በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻ ሲላላ የአየሩ መንገድ መዘጋቱ ነበር። ለእናቴ እንዲሁ ብዬ ሳስረዳት ጥቂት አሰበችና «እንግዲያስ የሚከፍትልህን ፈልግ» አለችኝ።

የሚከፍተው ይህ መሣሪያ ነው። ሳያቋርጥ የሚገፋው አየር ጉሮሮው እንዳይደፈን ከውስጥ እንደ ምሰሶ ደግፎ ይይዘዋል፤ በአየሩ ውስጥ መድኃኒት የለበትም፣ ኦክስጅንም አይጨምርም፣ የሚነፋው የክፍሉን አየር ነው። መንገዱን የቀደደው ኮሊን ሱሊቫን የሚባል አውስትራሊያዊ ሐኪም ሲሆን፣ እርሱና ባልደረቦቹ ውጤታቸውን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ከዚያ በፊት ሕመሙ ለጸናበት ሰው የነበረው መፍትሔ አንገትን በቀዶ ጥገና ከፍቶ መተንፈሻ ማበጀት እንደ ነበር ሳነብ፣ ፊት ላይ ማስክ ማሰር ምን ያህል ቀላል ነገር እንደ ሆነ ገባኝ። የእኔው መሣሪያ ግፊቱን እንደ ትንፋሼ ሁኔታ ራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት ነው። ግፊቱ በውሃ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ስንት ሴንቲ ሜትር የውሃ ዓምድ መግፋት እንደሚችል፣ ይለካል፤ መሣሪያው ከ4 እስከ 20 መስጠት ሲችል፣ ሐኪሙ ለእኔ ከ6 እስከ 12 ወሰነልኝ። እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ዝቅ ብሎ ጀምሮ ቀስ በቀስ የሚጨምርበት፣ ወደ ውጭ ስተነፍስ ደግሞ ጥቂት የሚለቅበት ማስተካከያ አለው፤ አዲስ ተጠቃሚ ሁለቱንም ማስከፈት ይገባዋል፤ በአየር ላይ መልሶ መተንፈስ መጀመሪያ ጊዜ ያስጨንቃልና። ድምፁ ከሰው ትንፋሽ የሚበልጥ አይደለም። በዚህ ሁሉ በኩል በመሣሪያው ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም።

ሳልገዛው በፊት ያሳሰበኝ የአገራችን ከፍታ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ የእኔው መሣሪያ መመሪያ ደግሞ እስከ 2,591 ሜትር ድረስ በትክክል እንደሚሠራ ይገልጻል። ስለዚህ ለእኔ በቂ ሆነ፣ ነገር ግን ብዙም አልተረፈም። ወደ ጮቄ ተራራ ወጣ ብሎ የሚኖር ሰው ይህን ቁጥር ሳይጠይቅ መግዛት የለበትም።

ዋጋው ከባድ ነው። የእኔው የተገዛው ከቤተሰብ እርሻ ጥንድ በሬ ተሸጦና ወንድሜ ጨምሮበት ነው። ይህን የማነሣው፣ ያን ያህል የተከፈለበት ዕቃ ከነማስኩ ተመርጦና ተለክቶ መሰጠት ይገባው እንደ ነበር ለማሳየት ነው።

አዲስ አበባ የገዛሁበት ሱቅ ያደረገው ግን ሌላ ነው። ሠራተኛዋ ትሑት ነበረች፤ መሣሪያውን እንዴት እንደሚበራ፣ ውሃው እስከ የት እንደሚሞላ በትዕግሥት አሳየችኝ። ማስክን በተመለከተ ግን የነበራቸው አንድ ዓይነት ብቻ ነበር፤ አፍንጫንም አፍንም አብሮ የሚሸፍን፣ መካከለኛ መጠን። ፊቴን የለካ የለም። ወንበር ላይ ተቀምጬ ግጥም አደረግሁት፣ «ልክ ነው» ተባልሁ፣ ከፍዬ ወጣሁ። እዚህ ላይ ያልተነገረኝና ማንም ገዢ ሊያውቀው የሚገባ ነገር፣ ማስክ የሚለካው ተቀምጦ ሳይሆን ተኝቶ፣ ያውም መሣሪያው በሙሉ ግፊቱ አየር እየነፋ መሆኑን ነው። ሰው ሲጋደም የፊቱ ሥጋ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ተቀምጦ ልክ የነበረው ማስክ በጀርባ ሲተኙ በዐይን በኩል ይከፈታል።

በመጀመሪያው ሌሊት ሁለት ሰዓት ያህል ቆየሁ። ከአፍንጫዬ ግንድ በግራ በኩል ቀጭን የአየር ክር እየወጣ የዐይኔን ቆብ ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ዐይኔን ብጨፍንም ቅዝቃዜው ከውስጥ ይሰማኛል። ማሰሪያውን አጠበቅሁ፤ አየሩ ወደ ቀኝ ዞረ። እንደ ገና አጠበቅሁ። ጠዋት ስነሣ የአፍንጫዬ ግንድ ቀልቶ አበጠ፣ በስድስተኛው ቀን ቆዳው ተላጠ፤ መምህራን ክፍል ውስጥ ምን እንደ መታኝ የማይጠይቀኝ ባልደረባ አልነበረም። ቁስሉ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በላዩ ማስኩን አሰርሁ፣ ፕላስተሩ ደግሞ አየሩን የባሰ አስወጣው። ከዚህም ሌላ አየር እየዋጥሁ ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፍቶ አድር ነበር። ይህ በአዲስ ተጠቃሚ ላይ የሚደርስ ነገር መሆኑን፣ ግፊቱ ሲስተካከልና ራስጌ ትንሽ ከፍ ሲል እንደሚቀል ያወቅሁት በኋላ ነው። ሱቁ ደውዬ ስነግራቸው «ይለመዳል» አሉኝ። ሦስት ጊዜ ደወልሁ፤ ሦስት ጊዜም መልሱ ይኸው ነበር። ይለመዳል የሚለው ቃል ለግፊቱ እውነት ነው፣ ለድምፁም እውነት ነው፤ ልክ ላልሆነ ማስክ ግን ፈጽሞ እውነት አይደለም። ልኩ ያልሆነ ጫማ ሲያቆስል እንጂ ሲለመድ ማን አየ?

መልሼ እንዳልለውጠው መንገዱ በየጊዜው ይዘጋል፤ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ በዚያ ሰሞን የሚታሰብ አልነበረም። እንዲሁ እያፈራረቅሁ፣ አንድ ሌሊት አድርጌው አንድ ሌሊት እየተውሁት ሃያ ቀን ያህል ቆየሁ። ያዳነኝ የእኅቴ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ካሉ ሻጮች አንዱ ዘንድ ሄዶ፣ አፍን ሳይሸፍን ከአፍንጫ ሥር ብቻ የሚያርፍ፣ የአፍንጫውን ግንድ ፈጽሞ የማይነካ፣ መጠኑም ትንሽ የሆነ ማስክ ገዝቶ በሰው ላከልኝ። የፊቴን ልክ የሰጠሁት የአፍንጫዬን ስፋት በማስመሪያ ለክቼ፣ ፎቶ አንሥቼ በመላክ ነበር። ኅዳር 3 ቀን ማታ አደረግሁት፤ ማሰሪያው ከሥሩ ሁለት ጣት እስኪያስገባ ድረስ ላላ አድርጌ ተውሁት። ሲነጋ ፊቴ ላይ እንደ ታሰረ ነበር። ከዚያ ሌሊት በፊት ማሽኑን ሳላወልቅ አድሬ አላውቅም።

ባለቤቴ ያመጣችው ሐሳብ ከሱቁ ምክር ሁሉ የበለጠ ጠቀመኝ፤ «ቀን ሳትተኛ ልመደው» አለችኝ። ስለዚህ ከእራት በፊት ሬዲዮ እየሰማሁ፣ የተማሪዎችን የቤት ሥራ እያረምሁ ማስኩን ለግማሽ ሰዓት ያህል አደርገው ጀመር። ጭንቀቱ የሚመጣው ጨለማና ማስክ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ነው፤ ማስኩ ቀን ከተለመደ ሌሊት የሚቀረው ጨለማው ብቻ ነው፣ እርሱን ደግሞ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን።

ስለ ማስክ ሳነሣ የንስሐ አባቴን ጉዳይ ሳልጽፍ አላልፍም። በሽታው እርሳቸውም እንዳለባቸው ከተነገራቸው በኋላ ቤቴ መጥተው መሣሪያውን ተመለከቱና «መምህር፣ እኔ ጢሜን ልላጭለት ነውን?» ብለው በጭንቀት ጠየቁኝ። ፊትን ዙሪያውን የሚሸፍነው ማስክ በጢም ላይ አየር እንደሚያፈስ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከአፍንጫ ቀዳዳ ሥር ብቻ የሚገቡ ሁለት ለስላሳ ጫፎች ያሉት ዓይነት አለ፣ እርሱ ጢሙን አይነካም። በጎጃም ስንት ካህናት፣ ስንት ባለ ጢም አባቶች እንዳሉ ለሚያውቅ ሻጭ ይህን ዓይነት ማስክ ሱቁ ውስጥ አለማኖር ትልቅ ጉድለት ነው።

ከማስኩ ቀጥሎ ያስቸገረኝ ብርዱና ውሃው ነው። አየሩ አፍና አፍንጫ እንዳያደርቅ መሣሪያው ውሃ እያሞቀ እርጥበት ይጨምርበታል። ታኅሣሥ ላይ ውርጩ ሲጠና ግን ሞቃቱ እርጥብ አየር በቀዝቃዛው ቱቦ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ውሃ ይለወጣል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቱቦው እንደ ጋያ ይንቦጫረቅና ጠብታው አፍንጫዬ ላይ ያርፋል። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ጤዛ ነው። እርጥበቱን ሁለት ደረጃ ቀነስሁ፣ መሣሪያውን ከአልጋው ዝቅ አድርጌ አስቀመጥሁ፣ ባለቤቴም ከአሮጌ ጋቢ ለቱቦው ልክ እጅጌ ሰፋችለት፤ ከዚያ በኋላ ችግሩ አልተመለሰም። የሚሞቅ ቱቦ ያላቸው መሣሪያዎችም አሉ፤ ለደጋ ሰው ጭማሪው ዋጋ አለው እላለሁ።

ውሃው እንደ አረቄ ተንኖ የወረደ፣ ማለትም ዲስቲልድ ውሃ ቢሆን ይመረጣል፤ በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ማዕድን ከጊዜ በኋላ በዕቃው ሥር ነጭ ሆኖ ይጋገራልና። ማፍላት ተሕዋስያንን ይገድላል እንጂ ማዕድኑን አያስወጣም። አንድ ወዳጄ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠውን ውሃ እንድጠቀም መክሮኝ ነበር፤ አሲድ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ማንም እንዳይሞክረው አጥብቄ እለምናለሁ። እኔ ዲስቲልድ ውሃ ሳጣ የታሸገ የመጠጥ ውሃ አደርጋለሁ፣ በየጠዋቱ የተረፈውን እደፋለሁ፣ ነጩ ሲጋገር ደግሞ አንድ እጅ ኮምጣጤ በዐሥር እጅ ውሃ በጥብጬ አጥበዋለሁ። ማስኩን በየቀኑ፣ ቱቦውን በየሳምንቱ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ ይበቃል።

የአየር ማጣሪያው ነገር በመመሪያው ላይ ከተጻፈው በላይ በእኛ ቤት ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍ ጢስ፣ የቡና ዕጣን፣ የበጋ አቧራ ሁሉም እዚያች የጣት ስፋት በምታህል ነጭ ጨርቅ ላይ ይከማቻል፤ በሦስተኛው ሳምንት ከፍቼ ሳያት እንደ ምጣድ ሥር ጠቁራ አገኘኋት። መሣሪያው ባለበት ክፍል ቡና ማፍላት ትተናል፤ ዕጣኑ ቱቦው ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ይሸታል።

መብራት ሲጠፋ መሣሪያው ይቆማል። የእኔው ማስክ አፌን ስለማይሸፍን አልታፈንም፤ መሣሪያው ዝም ሲል ወዲያው እነቃለሁ፣ ማስኩን አውልቄ በጎኔ እተኛለሁ። በጥር አንድ ሳምንት በተከታታይ መብራት ከጠፋ በኋላ ግን 12 ቮልት ባትሪና ወደ 24 ቮልት የሚያሳድግ መለወጫ ገዛሁ። ብዙውን ኃይል የሚበላው ውሃ ማሞቂያው ስለሆነ፣ በባትሪ ሲሆን እርሱን አጥፍቶ መተኛት ያስፈልጋል፤ ሲነጋ አፍ ይደርቃል እንጂ ትንፋሽ አይቋረጥም።

በመጨረሻ ስለ ክትትል። የመሣሪያው መረጃ በኢንተርኔት ለሐኪም ይላካል ተብሎ ነበር የተሸጠልኝ፤ ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ግን በዚህ ላይ መተማመን አይቻልም። ደግነቱ ውስጡ ያለው ትንሽ ካርድ ሁሉንም ይመዘግባል። በየካቲት መንገድ ሲከፈት ካርዱን አውጥቼ ይዤ ሄድሁ፤ ሐኪሙ ኮምፒዩተሩ ላይ ከፍቶ፣ በሰዓት 38 የነበረው ቁጥር ወደ 3 መውረዱን አሳየኝ። በጥቅምት የነበሩት ሌሊቶች በየመካከሉ የተቆራረጡ፣ አየር ማፍሰሱም እንደ ጮቄ ጫፍ ከፍ ያለ ነበር፤ ከኅዳር 3 በኋላ ግን አየር ማፍሰሱን የሚያሳየው መስመር ዝቅ ብሎ ይተኛል። ሱቁ ያንን መስመር በሁለተኛው ሳምንት አይቶት ቢሆን ኖሮ ያለ ማንም ነጋሪ ማስኩ ልክ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር።

ከውጭ አገር በዘመድ ያገለገለ መሣሪያ ለማስመጣት ለሚያስቡ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ከሲፓፕ አምራቾች አንዱ የሆነው ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 በሚሊዮን የሚቆጠሩ መሣሪያዎቹን መልሶ መሰብሰብ የጀመረው፣ ውስጣቸው ያለው ድምፅ ማፈኛ ስፖንጅ እየተበጣጠሰ በአየሩ ሊገባ ስለሚችል ነው። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ከመቀበል በፊት የመለያ ቁጥሩን ማጣራት፣ ግፊቱንም በሐኪም ማስተካከል ግድ ነው።

ምን ተለወጠ ለሚለኝ፦ ጠዋት ጠዋት ይዞኝ የሚነሣው የራስ ምታት ቀርቷል፤ ሌሊት አራት ጊዜ ለሽንት መነሣቴ አንድ ጊዜ ሆኗል፤ ከሰዓት በኋላ ያለውን ክፍለ ጊዜ ነቅቼ አስተምራለሁ። ባለቤቴ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ መቁጠሯን ትታለች። የደም ግፊት ክኒኔን ግን አሁንም እውጣለሁ፤ ያለ ሐኪም ቃል አላቆመውም። መሣሪያው በሽታውን እንደማይነቅለው በሚያዝያ አይቻለሁ። የአጎቴ ልቅሶ ሲሆን መብራት በሌለበት ገጠር ሁለት ሌሊት ያለ ማሽን አደርሁ፤ በሁለተኛው ጠዋት ያ የድሮው ጭጋግ ራሴ ላይ ተመልሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለመንገድም ቢሆን ባትሪውን ይዤ እሄዳለሁ።

ስለዚህ መሣሪያውን ለታዘዘለት ሰው ሁሉ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የገዛሁበትን ሱቅ ግን አልመክርም። የማስኩ ለስላሳ ክፍል እያረጀ ስለሄደ ባለፈው ሳምንት እዚያው ደውዬ ትንሹ መጠን ገብቶ እንደ ሆነ ጠይቄ ነበር። አሁንም ያላቸው መካከለኛው ብቻ ነው።